ከአርባው በኋላ ያለው መንገድ

ባለቤቴ ሲያርፍ 67 ዓመቴ ነበር። እስከ አርባው ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ከዚያ ግን ጭር አለ። እኔም መደብ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ፤ ጉልበቴ ደረቀ።

እንደ እኔ ሐዘን ላይ ላላችሁ እኩዮቼ ምክሬ በእግር መሄድ ነው። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት በር ብቻ ሂዱ። እኔ አምስት ደቂቃ ሄጄ፣ አልቅሼ ተመለስኩ። ይሁን፤ እያለቀሱም ይኬዳል። በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእኛ ዕድሜ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ሲከፋፈል በቀን ከ20 ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ጎንደር መቼም ዳገትና ቁልቁለት ናት። ጠዋት ጠዋት በፋሲል ግንብ አጥር ዙሪያ እሄዳለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ የምሄደው እሑድ ነው፣ ከዘራዬን ይዤ። ለጉልበት የሚከፋው ቁልቁለቱ ስለሆነ በዝግታ ውረዱ። እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ደረታችሁ ሲጨመቅ ከተሰማችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ቁሙ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ።

ክረምት ላይ ጭቃው አያስወጣም። ያኔ ከወንበር አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ እላለሁ። የልጅ ልጄ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ!

ብቻችሁን አትሂዱ። የእኔ ጓደኛ የዕድራችን ሰው ናት፣ እሷም ባሏን ቀብራለች። የሁለቱንም ስም እያነሳን እንሄዳለን። ስንመለስ ቡናው በእሷ ቤት ነው።