ብርጭቆ ሲላላ ማየት ከፈለጋችሁ ስኳር ጣዱ

ብርጭቆ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? አንድ ቁጥር የለውም። በረዶ 0 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ውኃ ይሆናል፣ መሃል ላይ የሚለጠጥ በረዶ አይታይም። ብርጭቆ ግን እጅ የሚሰጠው ቀስ በቀስ ነው። ይህን ቤታችሁ ለማየት የከሰል ምድጃና ስኳር ይበቃችኋል።

2 ሲኒ ስኳር፣ 1 ሲኒ ውኃና ጥቂት ጠብታ ሎሚ በብረት ድስት ጣዱ። ሎሚውን እንዳትተዉት፤ ስኳሩ ተመልሶ ክሪስታል እንዳይሠራ የሚረዳው እሱ ነው። ከሟሟ በኋላ አታማስሉት። የከረሜላ አሠራር መመሪያዎች 150 ዲግሪ ይላሉ፣ ጅማ ግን ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ ራሱ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ እዚህ 144 ገደማ ላይ ይደርሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ልጆች አጠገቡ አይድረሱ፤ የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው።

ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ አፍስሱትና ዓይናችሁን አትንቀሉ። መጀመሪያ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ቆይቶ እንደ ማር ይጎተታል፣ በሹካ ስትስቡት ክር ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ይሰበራል። የቱ ጋ ነው ጠጣር የሆነው? እኔ ደጋግሜ ሞክሬ መስመሩን አላገኘሁትም፣ ምክንያቱም የለም።

አሁን ወደ ኋላ እንመልሰው። ረዘም ያለ ስባሪ በሁለት ሲኒዎች ላይ እንደ ድልድይ አጋድሙና ወደ ምድጃው አስጠጉት። ሳይንጠባጠብ በፊት መሃሉ ይጎብጣል።

በበረዶ ውስጥ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ ድርድሩ የሚፈርሰው በአንድ በተወሰነ ዲግሪ ላይ ነው። ብርጭቆ ውስጥ፣ አሁን በሠራነው ስኳር ውስጥም፣ ግን ዝብርቅርቅ ናቸው፤ ሙቀት ሲጨምር አንዱ በሌላው አጠገብ ማለፍ እየቀለለው ይሄዳል። የመስኮት መስታወት ከ550 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይላላል፣ 720 ገደማ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ 1,000 ገደማ ላይ እንደ ማር ይቀረጻል። በዚህ መሃል ዝልግልግነቱ (አልፈስም ማለቱ) የሚቀንሰው ወደ ቢሊዮን እጥፍ ነው!

የጅማ ክረምት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያችኋል። ግማሹን ስባሪ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ክደኑት፣ ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ጠዋት የተከደነው ቀጭ ይላል፣ ያልተከደነው ጣት ላይ ይጣበቃል። ማንም አላሞቀውም፤ ከአየሩ የገባው እርጥበት በስኳሩ ሞለኪውሎች መሃል ገብቶ አላላው። ብርጭቆ ሠሪዎችም አሸዋ ውስጥ ሶዳ የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ንጹሕ አሸዋ 1,700 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፣ ሶዳው ግን ትስስሩን እየበጠሰ ሥራውን ያቀልላቸዋል።