የእንግሊዝኛን የድምፅ ቃላት በጆሮ እንዴት መለየት ይቻላል

አንዲት ተማሪዬ ስለ ቤተሰቧ በእንግሊዝኛ እንድትጽፍ አዝዣት፣ ክፍለ ሀገር ያሉት የእናቷ ድምፅ እንደናፈቃት ለመግለጽ የመረጠችው ቃል «ኖይዝ» ነበር። ሰዋስዉ ልክ ነው። ቃሉንም ከመዝገበ ቃላት «ድምፅ» ከሚለው ሥር ነው ያገኘችው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ከዚያ የሚረዳው «የእናቴ ጫጫታ ናፈቀኝ» የሚል ነው። ያ ዓረፍተ ነገር በጣም አሳዘነኝ፤ ልጅቷ ከልቧ የጻፈችው ነበርና። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ቃላት በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር ትቼ ተማሪዎቼን ይዤ ፒያሳ መውጣት ጀመርኩ። እርስዎም ብቻዎን ሊያደርጉት የሚችሉት ነው፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ከቤት ሳይወጡ ሦስት ቃላት ይለዩ

እኛ «ድምፅ» ብለን የምናልፈውን እንግሊዝኛ ቢያንስ ለሦስት ይከፍለዋል። «ሳውንድ» ጆሮ የሚሰማው ማንኛውም ነገር ነው፤ ጥሩም መጥፎም አይልም። «ቮይስ» ከሰው አንደበት የሚወጣው ነው፤ ስንናገርም ስንዘፍንም። የተማሪዬ እናት ድምፅ ይኸኛው ነበር። «ኖይዝ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚረብሽ፣ ያልተፈለገ፣ ወይም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድምፅ ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን እዚያም ጫጫታና ጠብ ማለት ነበር። መካኒክ ዘንድ ሄደው የሞተሩን «ሳውንድ» ወደድኩት ቢሉ ሞተሩን ማመስገንዎ ነው፤ ሞተሩ «ኖይዝ» ያሰማል ካሉ ግን መካኒኩ ወዲያው ኮፈኑን ይከፍታል።

ካፌ ገብተው በአማርኛ ይጻፉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ቡና ማሽኑ አጠገብ ይቀመጡና የሰሙትን ሁሉ መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፉ። አማርኛ «አለ» በምትለው ግሥ ድምፅን እንዳለ ይቀዳል፦ ኳ አለ፣ ዷ አለ፣ ሲጥ አለ፣ ቸስ አለ። ጆሮዎ ልዩነቱን ድሮም ያውቀዋል። የጎደለው የእንግሊዝኛው መጠሪያ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይህ ነው። ማሽኑ ወተት ሲያሞቅ «ፍስስ» ይላል፤ «ሂስ» ነው። ማንኪያ የማኪያቶ ብርጭቆ ሲነካ «ክሊንክ» ነው። አስተናጋጁ የታጠቡ ሲኒዎችን በአንድ ላይ ሲደረድር ይንኳኳል፤ «ክላተር» ይባላል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ማጠፊያው ዘይት ስላጣ ሲጢጥ ይላል፤ «ክሪክ»። በሩ በነፋስ ተገፍቶ ሲላተም ደግሞ «ባንግ»።

ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አንዴ ነው ወይስ ተደጋጋሚ? አማርኛ መደጋገምን ቃሉን ራሱን በመደጋገም ያሳያል፤ አንዴ ጠብ ያለው ውኃ ሲቀጥል ይንጠባጠባል። እንግሊዝኛም በጥንት ጊዜ የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ከቃሉ መጨረሻ «ል» የምትሰማ ቅጥያ ያክልበታል። «ክራክ» አንድ ነገር ሲሰነጠቅ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። «ክራክል» ግን ትንንሽ ስንጥቆች ሲከታተሉ፣ ማለትም እንጨት እሳት ውስጥ ሲንጣጣ የሚሰማው ነው። ይህን ካወቁ «ራትል» ሲሰሙ መንገጫገጭ መኖሩን መገመት አይከብድዎትም።

ሁለተኛው፣ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? «ክሊንክ»ን እና «ክላንክ»ን ጮክ ብለው ይበሏቸው። በ«ሊ» ያለው የብርጭቆ፣ በ«ላ» ያለው የከባድ ብረት ነው። ሕጉ ሁልጊዜ ባይሠራም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ሦስተኛው፣ ወዲያው ይቆማል ወይስ ይርገበገባል? «ክላንክ» እዚያው ይሞታል፤ «ክላንግ» ግን ብረቱ ከተመታ በኋላም አየሩ ላይ ይቆያል። የመጨረሻዋ «ንግ» አፍንጫ ውስጥ እንደምትቆይ ሁሉ ማለት ነው።

ጊዮርጊስ ጋ ቆመው ይህን ይሞክሩት። እኛ ደወል ተደወለ እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን አደዋወሉን ይጠይቃል። «ሪንግ» ለየትኛውም ደወል፣ ለስልክ ጥሪም ይሆናል። «ቻይም» ዜማ ያለው ነው። «ቶል» ግን ትልቅ ደወል በዝግታ፣ እየቆየ ሲመታ ነው፤ ከቀብር ጋር ስለተያያዘ ስለ በዓል ቀን ሲጽፉ ባይጠቀሙበት ይሻላል። የጸናጽል ድምፅ ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ ለእሱ የሚቀርበው ቁልፎች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚባልለት «ጂንግል» ነው።

ከሰው የሚወጣውን ለብቻ ይያዙ

«ጮኸ» ለእኛ ሰፊ ቃል ነው፤ ሰውም ውሻም የመኪና ጥሩንባም ይጮኻል። እንግሊዝኛ ይነጣጥላቸዋል። «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» የሚለው የታክሲ ረዳት «ሻውት» ያደርጋል። «ስክሪም» ብለው ከጻፉ አንባቢው ልጁን የሆነ ነገር ያገኘው ይመስለዋል፤ ቃሉ የፍርሃት፣ የሕመም ወይም የታላቅ ደስታ ጩኸት ነውና። «ሻውት» ራሱም ከኋላው በምትከተለው ትንሽ ቃል ይለወጣል። «ሻውት ቱ» ሩቅ ያለ ሰው እንዲሰማ መጮህ፣ «ሻውት አት» ተቆጥቶ ሰው ላይ መጮህ ነው። ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጠራ የመጀመሪያው፣ በመልስ ሲጣላ ሁለተኛው ይሆናል።

«አጉረመረመ»ም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲያጉረመርም «ግራምብል»፣ ሰማይ ሲያጉረመርም «ራምብል»። የተራበ ሆድም ከሰማዩ ጋር ነው የሚመደበው።

ማታ ያመሳክሩ

ቤት ሲገቡ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ፤ በስልክ በነፃ የሚገኙት የቃሉን አነባበብም ያሰማሉ። ፍቺውን ብቻ አንብበው አይዝጉት። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ድምፁን የሚያሰማው ምን እንደሆነ ይመልከቱ፤ በር ነው፣ ብርጭቆ ነው፣ ሰው ነው? ያንን ስም ከቃሉ ጎን ይጻፉ። በሩን ከ«ክሪክ» ጋር አጣምሮ የያዘ ሰው ቶሎ አይረሳውም።

ክረምት ከሆነ ደግሞ መውጣትም አያስፈልግም። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ይቀመጡ። ካፊያው ሲጀምር «ፓተር» ነው፤ ዶፉ ሲወርድ «ድራም» ይሆናል፤ በረዶ ሲቀላቀልበት «ራትል» ብለው ይጻፉ።