በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ሲያተኩሰው

ልጅዎ ኬሞቴራፒ እየወሰደ ከሆነ፣ በሌላ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚታለፍ ትኩሳት አሁን የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ መሆኑን ይወቁ። መድኃኒቱ የካንሰር ሕዋሳትን ሲያጠቃ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ጭምር ስለሚቀንስ፣ በተለይም ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ፣ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሕክምና ቡድኑ ሌላ መጠን ካልነገረዎት በቀር፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ይደውሉ። ሐኪም ሳያዝ ፓራሲታሞል አይስጡ፤ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያድንም። ሙቀቱንም በፊንጢጣ በኩል ፈጽሞ አይለኩ። ልጁ ባያተኩሰው እንኳ ብርድ ብርድ ካለው ወይም ከወትሮው ከፈዘዘ እንዲሁ ይደውሉ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወረፋ ከመያዝዎ በፊት “ልጄ ኬሞቴራፒ ላይ ነው፣ አተኩሶታል” ይበሉ፤ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። የመድኃኒቶቹ ዝርዝርና የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ውጤት ያለበት ቦርሳ በር አጠገብ ይቀመጥ። እንደ እኔ እምነት ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ግን የቀሩትን ልጆች ነው፤ በዚያች ሌሊት ማን አብሯቸው እንደሚያድር ዛሬውኑ ተነጋግራችሁ ወስኑ፣ ለልጆቹም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።