በግራር ልጥ የለፋ ቆዳ ሲደርቅና ሲጠቁር

በአዳማ አካባቢ በግራር ልጥ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያማርሩት፣ ላዩ የሚያምር ቡናማ መልክ የያዘው ቆዳ በደረቀ ጊዜ እንደ ጣውላ ግትር ብሎ መቅረቱን ነው። ልጡ ደካማ ነው ብለው ሌላ ዛፍ ከመላጣቸው በፊት የቆዳውን ጠርዝ በስለት ቆርጠው እንዲመለከቱ አጥብቄ እለምናለሁ። ከመካከሉ ነጣ ያለ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ መስመር ከታየ ቆዳው ገና ጥሬ ነው፤ ለማረጋገጥም ቀጭን ቁራጭ ኮምጣጤ ውስጥ ቢነከር ጥሬው ክፍል ያብጣል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው። የመጀመሪያው ዝፍዝፍ (ልጡ የተነከረበት ውኃ) እጅግ ሲወፍር፣ በልጡ ውስጥ ያለው ቆዳ አልፊ ንጥረ ነገር፣ ታኒን፣ የቆዳውን ላይኛና ታችኛ ገጽ ቀድሞ ይይዝና ወደ ውስጥ የሚገባበትን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ቆዳው ቀጠን ያለ ሻይ በሚመስል ውኃ ይጀመር፤ በየጥቂት ቀኑ ጠንከር ወዳለው ይዛወር፤ ጠዋትና ማታም ይገላበጥ። የፍየል ቆዳ በሳምንታት ሊለፋ ሲችል የበሬ ቆዳ ወራት ይፈልጋል። ጥሬ የቀረውም ካልሸተተ በንጹህ ውኃ ርሶ ወደ ቀጭኑ ዝፍዝፍ ይመለስ።

የተቆረጠው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኖ ቆዳው ግን ድርቅ ካለ፣ የጎደለው ቅባት ነው፤ እርጥበቱ ሳይለቀው ዘይት ወይም ሞራ ተቀብቶ እየተወጠረ ይታሽ።

ሰማያዊ አዘል ጥቁረት ደግሞ የብረት ሥራ ነው። እኔ በዛገ በርሜል የዘፈዘፍኩት የፍየል ቆዳ በማግስቱ የቀለም ብልቃጥ የተደፋበት መስሎ አግኝቼዋለሁ። ትንሽ ነጠብጣብ በሎሚ ጭማቂ ታሽቶ ሲታጠብ ይደበዝዛል፤ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ቆዳ ግን ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። የሸክላ ጋን ወይም የፕላስቲክ በርሜል ይህን ችግር ያስቀራል። ብረት ሳይነካው መልኩ ከጨለመ ውኃው ይጠርጠር፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት የሚባለው የታኒንን መልክ የሚያጨልም ጨው የበዛበት በመሆኑ የዝናብ ውኃ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ልጡ የተወሰደበት ግራር ቆሞ ሲደርቅ ማየት ነው። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ ውስጠኛ ክፍል በኩል ስለሆነ፣ ግንዱ ዙሪያውን ሲላጥ ሥሩ ይራባል፤ ከዚያ በኋላ ዛፉን ማትረፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ልጡ ከተገረዘ ቅርንጫፍ ወይም ለሌላ ሥራ ከተቆረጠ ዛፍ ይወሰድ። ገና እርጥብ ሳለ ተልጦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ዝናብ ያገኘው ልጥ ታኒኑ ታጥቦ ስለሚሄድ ለዝፍዝፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው።