የካርታ ንድፍ በመንገድ ምርጫ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ሲፈትኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሃሪ ቤክን ንድፍ መሠረት አድርጎ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የጣቢያዎችን ቅደም ተከተል እንጂ እውነተኛውን ርቀት አያሳይም። ዣን ጉዎ የተባሉ ተመራማሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በካርታው ላይ የሚታየው ርዝመት በተሳፋሪዎች የመንገድ ምርጫ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከትክክለኛው የጉዞ ጊዜ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ያ ውጤት የተገኘው ግን በበርካታ ዓመታት ከተሰበሰበ የተሳፋሪ መረጃ ነው። የጥቂት ሚሊሜትር ለውጥ የሚያመጣውን ልዩነት በራሱ ሙከራ ሊለይ የተነሣ ሰው ከዚህ በታች ባሉት ነጥቦች ላይ በቀላሉ ይሰናከላል።

ውጤትን ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው አንድ ነገር የለወጡ እየመሰላቸው ሦስት ነገር መለወጥ ነው። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሁለት መንገዶች አሉ እንበል፤ ሁለቱም 24 ደቂቃ ይፈጃሉ፣ በሁለቱም አንድ ጊዜ ባቡር ይቀየራል። የላይኛው መንገድ በአንደኛው ካርታ 6 ሴንቲሜትር፣ በሌላው 5 ሴንቲሜትር ሆኖ ይሣላል። መስመሩ ሲያጥር ግን ጣቢያዎቹ ይቀራረባሉ፣ ስሞቻቸው ቦታ ስለሚያጡ ወደ ሌላው ጎን ይዛወራሉ፣ 45 ዲግሪ የነበረው መታጠፊያም 90 ይሆናል። ተሳታፊው ያን መንገድ ቢመርጠው ወይም ቢተወው ምክንያቱ ርዝመቱ ይሁን፣ መታጠፊያው ይሁን ወይስ የተጨናነቀው ጽሑፍ የሚያውቅ የለም። ሁለቱን ካርታዎች አትሞ፣ ደራርቦ በመስኮት ብርሃን ማየት ያልታሰበውን ለውጥ ወዲያው ያጋልጣል። ጽሑፉን ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ፣ ርዝመቱ ሳይነካ ጽሑፉ ብቻ የተዛወረበት ሦስተኛ ካርታ መጨመር ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ ማቅረብ ነው። አንዱ መንገድ 15 ደቂቃ፣ ሌላው 30 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነና ይህም ለተሳታፊው ከተነገረ፣ ስውር የንድፍ ልዩነት የሚሠራበት ቦታ አያገኝም፤ ተጽዕኖው የሚታየው ሰው በሚያመነታበት ምርጫ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በጥቂት ሰዎች ሞክሮ፣ ባልተለወጠው ካርታ ላይ ምርጫው ለሁለት የሚከፈልባቸውን ጉዞዎች መለየት ያስፈልጋል። መልሳቸው ግልጽ የሆነ አንድ ሁለት ጥያቄዎች ግን መቅረት የለባቸውም፤ ሳያነብ የሚመልሰውን ለመለየት ይጠቅማሉ።

አቅጣጫን መዘንጋትም ብዙ ጊዜ ያታልላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች እኩል ከሆኑ መንገዶች መካከል ወደ ደቡብ የሚያልፈውን የመምረጥ ዝንባሌ አላቸው፤ ሰሜን በካርታ ላይ ከላይ ስለሚሆን እንደ ዳገት የሚታያቸው ይመስላል። ከመነሻው ረጅምና ቀጥ ያለ ጉዞ ያለው መንገድም ይስባል፤ በዚህም የተነሣ አንዳንዶች ሲሄዱ በአንዱ፣ ሲመለሱ በሌላው ይመጣሉ። መፍትሔው ለግማሾቹ ተሳታፊዎች ካርታውን ላዩን ወደ ታች ገልብጦ ማቅረብ (ጽሑፉ ሳይገለበጥ) እና መነሻና መድረሻን ማለዋወጥ ነው።

ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አሳይቶ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ጥያቄ ነው እንጂ ንድፉ የመንገድ ምርጫን መለወጡን አይፈትንም። የካርታ ንድፍ ተመራማሪው ማክስ ሮበርትስ በፓሪስ ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ካርታዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎች የሚወዱት ካርታና በትክክል መንገድ የሚያገኙበት ካርታ ላይገናኙ እንደሚችሉ ታይቷል። ከዚህም በላይ ሁለቱን ያየ ሰው የተለወጠውን ስለሚያውቅ መርማሪው የሚጠብቀውን ለመመለስ ይሞክራል። እያንዳንዱ ተሳታፊ በዕጣ ለአንድ ካርታ ብቻ ቢመደብ ይሻላል።

ይህ አመዳደብ ግን ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ ሙከራዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአንድን መንገድ ድርሻ ከ50 ወደ 60 በመቶ የሚያሳድግ ለውጥ በተለመደው መስፈርት (ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድል 5 በመቶ፣ ያለውን ልዩነት የማግኘት ዕድል 80 በመቶ) ለመለየት በየቡድኑ 390 ያህል ሰው ያስፈልጋል፤ ዕድገቱ እስከ 55 በመቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከ1,560 ያልፋል። በ40 ሰው ተሞክሮ «ልዩነት የለም» የሚል መደምደሚያ ምንም አይነግረንም። አንድ ሰው 20 ጥያቄ ስለመለሰም 20 ሰው ሆኖ አይቆጠርም፤ መልሶቹ የአንድ ሰው ስለሆኑ ይመሳሰላሉና ስሌቱ ይህን ማካተት አለበት።

በመጨረሻም የባቡር መረቡን በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው ከካርታው ይልቅ ትዝታውን ሊከተል ይችላል። የጣቢያዎቹን ስም በፈጠራ ስም መተካት ብዙ ጊዜ በቂ አይደለም፤ ነዋሪው የመስመሩን ቀለምና ቅርጽ አይቶ ያውቀዋል።