የበዓል በግ ሲገዙ የዋጋ ጣሪያዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

የበዓል ገበያ ላይ ኪስ የሚያራቁቱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋና ይሉኝታ።

መጀመሪያ የሰሙት ቁጥር የተጋነነ መሆኑን ቢያውቁም ይጎትትዎታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ቁጥር ያለበት መንኮራኩር አሽከርክረው፣ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ስንት በመቶው የአፍሪካ አገሮች እንደሆኑ ሰዎችን ጠየቁ። 10 የወጣላቸው መካከለኛ ግምታቸው 25 ሲሆን፣ 65 የወጣላቸው ግን 45 አሉ። በግ ተራም የሚሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ጣሪያዎን ቤት ሳሉ ይቁረጡ። ለምሳሌ 12,000 ብር ካሉ ያንኑ በጥሬው ይያዙ፤ ስልክ ላይ ያለ ቴሌብር ጣሪያውን በደቂቃ ያፈርሰዋል።

ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት በጉን ይዳስሱ። ጸጉራም በግ ከሩቅ የሰባ ይመስላል፤ ጨው ልሶ ውሃ የጠጣም ሆዱ ይነፋል። ሆዱን ይተዉና እጅዎን ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ወገቡ ላይ ያሳርፉ። አከርካሪው ሹል ሆኖ ከወጋዎ ከስቷል፤ ተጭነው ብቻ ካገኙት ሥጋ አለው።

ሻጩ 18,000 ሲል 15,000 ከፍሎ «አስቀነስኩ» የሚል ብዙ ነው፤ ጣሪያውን በ3,000 አልፏል። የሚጠሩት ዋጋ ከሻጩ ቁጥር ሳይሆን ከጣሪያዎ ይነሳ፤ 9,500 ይበሉ። ግን «ውሰድ» ከተባሉ በኋላ መሸሽ ነውር ስለሆነ፣ የማይከፍሉትን በጭራሽ አይጥሩ። ካልተስማሙ «ይቅናህ» ብለው ይለፉ። ሦስት ሻጮች መልሰው ካልጠሩዎት ጣሪያዎ ለዚያ መጠን በግ አይበቃም፤ ወደ አነስ ያለው ይሂዱ እንጂ ብር አይጨምሩ።

ከባዱ ይሉኝታ ነው። ቀንድ አይበላም፤ በጉ በግቢው በር ሲገባ ግን ልጆችና ጎረቤት መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የሚታረድ በግ የቤት ክብር ነውና ይህን መናቅ አይገባም። ቀንዳሙን ከፈለጉ ለመልኩ ስንት እንደሚጨምሩ ከጣሪያው ውስጥ አስቀድመው ይለዩ።

ገንዘቡ ካልደረሰ ቅርጫ ይግቡ። ሁሉም እኩል ከፍሎ መደቡን በዕጣ ስለሚወስድ ማንም አንሶ አይታይም። ስም የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው፤ በዋዜማው ምሽት ባዶ እጁን ከገበያ የተመለሰ ቦታ አያገኝም።