የድሮ መርሴዲስ ፍሬን ስታሠሩ ፔዳሉ ስር ጣውላ አድርጉ

ጅማ ውስጥ የድሮ መርሴዲስ ለምትነዱ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የወጣችው ደብልዩ 123 ላለቻችሁ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ።

ፍሬን ተፈትቶ ሲገጠም ዘይቱ መስመር ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ግድ ነው። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ቁጭ ብሎ የአየር ማስወጫ ብሎኗን ይከፍታል። ችግር የሚፈጥረው ረጋጩ ነው። እስከ ወለል ድረስ ይረግጠዋል! የማስተር ሲሊንደሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ክፍል) መጨረሻ ግን ውስጡ ያለው ጎሚኒ ለዓመታት ረግጦት አያውቅም። ያ ቦታ ዝገትና ቆሻሻ ይዟል። ጎሚኒው እዚያ ሲደርስ ይቧጠጣል፤ ደህና የነበረው ማስተር ግፊት መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ እንዳይወርድ ስሩ ቁራጭ ጣውላ አስገቡ። ሲያልቅ ማውጣት እንዳትረሱ ታዲያ።

ጎሚኒ በቤንዚን የሚያጥብ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። ያብጣል። የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ነው።

የጎማ ቱቦዎቹንም ከውጭ አይታችሁ አትመኑ። ውስጡ ካበጠ ዘይቱ ይሄዳል እንጂ በቀላሉ አይመለስም። እግራችሁን አንስታችሁም ፍሬኑ አይለቅም። አንዱ ቸርኬ ለብቻው የሚግል ከሆነ ቱቦውን ጠርጥሩ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው። እርጥበት የገባበት ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ዘይታችሁ ሁለት ዓመት ካለፈው ወደ አዲስ አበባ ከመነሳታችሁ በፊት ቀይሩት። መንገድ ላይ የግቤ ቁልቁለት አለ።